ስምንት ዓመት ሲቪክስ ተምረን ምን ያዝን? የአንድ ትምህርት ጉዳይ ጥናት

ከ1990ዎቹ ወዲህ ኢትዮጵያ ውስጥ ትምህርት ቤት የገባ ሰው ሁሉ ሲቪክስን ያውቀዋል። ሙሉ ስሙ «የሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር ትምህርት» ነው፤ በዚህ ስም የሚጠራው ግን የመጽሐፉ ሽፋን ላይ ብቻ ነበር። ከ5ኛ ክፍል ይጀምር ነበር፣ እስከ 12ኛ ይዘልቅ ነበር፣ ዩኒቨርሲቲ የገባም እዚያ እንደገና ያገኘው ነበር። ስምንት ዓመት ቀላል ጊዜ አይደለም። ታዲያ ስለ ዜግነትና ስለ ተሳትፎ የምናውቀውን ከየት አገኘነው ብላችሁ አብሮ አደጎቻችሁን ብትጠይቁ ከሲቪክስ ክፍል የሚጠቅሱላችሁ ብዙ ነገር የለም። እኔም የለኝም።

የእኔ ሐሳብ አጭር ነው። መጽሐፉ መጥፎ አልነበረም። መምህራኑም አልሰነፉም። ትምህርቱ ያልያዘን ትምህርት ቤቱ ራሱ ተማሪ አንዲት ነገር እንኳን የሚወስንበት ቦታ ስላልነበረ ነው። ይህን ለማሳየት ነገሩን ከሥሩ ላውራው።

በንጉሡ ዘመን ግብረ ገብ የሚባል ትምህርት ነበር። ፈሪሃ እግዚአብሔር፣ ለንጉሥ ታማኝነት፣ ታላቅን ማክበር፣ ንጽሕና፣ ሥራ መውደድ። ደርግ መጣና ግብረ ገብ ወጥቶ የፖለቲካ ትምህርት ገባ፣ ማርክሲዝም ሌኒኒዝም ማለት ነው። (እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። በ1967 በእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ገጠር ወርደዋል። ከመካከላቸው ብዙዎቹ የገበሬውን ጥያቄ ይዘው ከላካቸው መንግሥት ጋር ተጣልተዋል። በዚያ ዘመን ስለ ተሳትፎ ከተማሩት ውስጥ እኔ ትልቁ የሚመስለኝ ይሄ ነው፤ ያም ከክፍል ውጭ የተገኘ ነው።) ኢሕአዴግ በ1983 አዲስ አበባ ሲገባ የፖለቲካ ትምህርቱም ተነሳ። በ1986 የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲው ወጣ፣ ኅዳር 29 ቀን 1987 ሕገ መንግሥቱ ጸደቀ፣ ሲቪክስም በዚህ ሁሉ መሀል ተወለደ።

ከዚህ ታሪክ ተማሪውም መምህሩም አንድ ነገር ገብቷቸዋል። መንግሥት በተለወጠ ቁጥር ከሥር መሠረቱ የሚለወጠው ይሄ ትምህርት ነው። ሒሳብ እንደዚያ ሆኖ አያውቅም። ስለዚህ ሲቪክስ ገና ሲጀምር «የእነሱ ትምህርት ነው» የሚል ጥርጣሬ ተከትሎት መጣ፣ መምህሩ ላይም «ካድሬ» የሚል ስም ተለጠፈ። ብዙ ቅን መምህራን ይህን ስም ተሸክመው አስተምረዋል። ይሄ ሲያሳዝነኝ ይኖራል።

ይዘቱን ካየን አስራ አንድ እሴቶች ናቸው። ዴሞክራሲያዊ ሥርዓትን መገንባት፣ የሕግ የበላይነት፣ እኩልነት፣ ፍትሕ፣ አርበኝነት፣ ኃላፊነት፣ ታታሪነት፣ በራስ መተማመን፣ ቁጠባ፣ ንቁ የማኅበረሰብ ተሳትፎ፣ ዕውቀትን መሻት። ከእነዚህ ውስጥ የትኛውን ትጠላለህ ብትሉኝ አንዱንም። ችግሩ እነዚሁ አስራ አንድ ርዕሶች በየዓመቱ በዚያው ቅደም ተከተል መመላለሳቸው ነበር። 9ኛ ክፍል ምዕራፍ አንድ ዴሞክራሲ፣ 10ኛ ክፍል ምዕራፍ አንድ ዴሞክራሲ፣ 11ኛም 12ኛም ያው። ጥልቀቱ ትንሽ ይጨምራል ይባል ነበር። ተማሪው ግን ማውጫውን ሲያይ «ይሄን አውቀዋለሁ» ብሎ ይዘጋዋል። አስረኛው ምዕራፍ፣ ስለ ንቁ ተሳትፎ የሚያወራው፣ ዓመቱ ሲያልቅ ነበር የሚደረስበት፤ አንዳንዴም ሳይደረስበት ፈተና ይመጣል።

አሁን ወደ ክፍል ውስጥ እንግባ፣ ምክንያቱም ነገሩ በደንብ የሚታየው እዚያ ነው። በ1997 የትምህርት ዘመን ፕላዝማ መጣ። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ውስጥ በየክፍሉ ትልቅ ስክሪን ተተከለ፣ ትምህርቱ ደቡብ አፍሪካ ተዘጋጅቶ በሳተላይት በመላው አገሪቱ በአንድ ጊዜ ይለቀቅ ነበር። ሲቪክስም በፕላዝማ ነበር፣ ያውም በእንግሊዝኛ። ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ገደማ ነው፣ ከዚህ ውስጥ ሰላሳውን የሚወስደው ስክሪኑ ነው። መምህሩ መጀመሪያ ላይ አምስት ደቂቃ ያስተዋውቃል፣ መጨረሻ ላይ አምስት ደቂቃ ያጠቃልላል፣ በመሀል ዳር ቆሞ ያያል።

በፕላዝማው ውስጥ ያለችው መምህርት ጥያቄ ትጠይቃለች። «ከጎናችሁ ካለው ተማሪ ጋር ተወያዩ» ትላለች፣ ሰዓት ስክሪኑ ላይ ወደ ታች ይቆጥራል፣ ክፍሉ ውስጥ ስድሳ ምናምን ልጅ አለ፣ ግማሹ ጥያቄው ምን እንደሆነ በእንግሊዝኛ ገና እያሰበ ነው። ጊዜው አለቀ። «በጣም ጥሩ!» ትላለች መምህርቷ፣ መልሱንም ራሷ ትነግረናለች። እጅ ያወጣ ልጅ እጁን አውጥቶ ይቀራል። መብራት ከሄደ ደግሞ የዚያን ቀን ትምህርት ሄደ ማለት ነው፣ ስርጭቱ ማንንም አይጠብቅም። ስለ መናገር ነጻነት፣ ስለ መወያየት፣ የሌላውን ሐሳብ ስለ መስማት የሚያስተምር ክፍለ ጊዜ መልስ ልትሰጠው የማትችለው ስክሪን ፊት አለቀ። ፊዚክስ በፕላዝማ ሲሆን ከባድ ነው፤ ሲቪክስ በፕላዝማ ሲሆን ግን ትምህርቱ ራሱ የለም ማለት ነው። መምህሩም ቢሆን አንድ አካባቢያዊ ጉዳይ አንስቶ ልጆቹን ላከራክር ቢል ሰዓቱ የእሱ አልነበረም።

ፈተናው የቀረውን ጨረሰ። «ከሚከተሉት ውስጥ የንቁ ተሳትፎ መገለጫ የሆነው የቱ ነው?» ዓይነት ጥያቄ ይመጣል፣ አራት ምርጫ አለ፣ ትክክለኛው ጠንከር ያለ ጨዋ ዓረፍተ ነገር ያለበት ነው። ሲቪክስ ስለዚህ «ማርክ ማንሻ» ሆነ። ሒሳብና ፊዚክስ የጎተተውን ሲቪክስ ያነሳዋል ተብሎ ይሰላ ነበር። ክፍሉ ሁሉ የሚያርፍበት ትምህርት ሆነ። ተማሪው ላይ አልፈርድም። ትምህርቱ የጠየቀውን ሰጥቶታል።

የክፍሉ ነገር ይሄ ከሆነ ከግቢው ውጭ ያለውን ደግሞ እንየው። ፕላዝማው በገባበት በዚያው በ1997 አገሪቱ ከዚያ በፊት አይታው የማታውቀው ምርጫ ተካሄደ። ፓርቲዎች በቴሌቪዥንና በሬዲዮ ተከራከሩ፣ ሰው ሬዲዮ ከቦ አዳመጠ፣ ሚያዝያ 29 እና 30 መስቀል አደባባይ በሕዝብ ሞላ፣ አንዱን ቀን በኢሕአዴግ ደጋፊ፣ ሌላውን በተቃዋሚው ቅንጅት ደጋፊ። ግንቦት 7 ሰው ከሌሊት ጀምሮ ተሰለፈ። በአዲስ አበባ ምክር ቤት ቅንጅት ከ138 ወንበር 137ቱን ወሰደ። ከዚያ የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። ውጤቱ አጨቃጨቀ፣ ሰልፍ ተከለከለ፣ በሰኔና በጥቅምት ጥይት ተተኮሰ፤ በኋላ የተቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን 193 ሲቪሎች መገደላቸውን አረጋገጠ። ከሟቾቹ ውስጥ ልጆችም ነበሩ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 30 ላይ ስለ ሰላማዊ ሰልፍ የተጻፈውን ያጠና ተማሪ ያን ዓመት ያየውን ከመጽሐፉ ጋር እንዴት ያስታርቀው?

ነገሩ እዚያ አልቆመም። በ2001 የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621 ወጣ። ከውጭ ምንጭ ከአስር በመቶ በላይ ገንዘብ የሚያገኝ ድርጅት በሰብዓዊና ዴሞክራሲያዊ መብት፣ በእኩልነት፣ በግጭት አፈታት ላይ እንዳይሠራ ከለከለ። በአገር ውስጥ መዋጮ ብቻ እንዲህ ዓይነት ሥራ መሥራት ለአብዛኞቹ አልተቻለም፤ ከፊሉ ተዘጋ፣ ከፊሉ ወደ ውኃና ጤና ዞረ። የመጽሐፉ ምዕራፍ አስር «ሲቪክ ማኅበራት ለዴሞክራሲ ወሳኝ ናቸው» ይላል፣ ከግቢው ውጭ ያሉት ሲቪክ ማኅበራት ደግሞ ጠረጴዛቸውን እያጠፉ ነው። በ2002 ምርጫ ገዥው ግንባርና አጋሮቹ ከ547 ወንበር 545ቱን ያዙ፣ በ2007 ሁሉንም። በክፍል ውስጥ ደግሞ 1ለ5 መጣ። አምስት ተማሪ በአንድ ጎበዝ ተማሪ ሥር ይደራጃል። በሐሳብ ደረጃ መረዳዳት ነው፤ አደረጃጀቱ ግን በየቀበሌውና በየመሥሪያ ቤቱ ሰው ከተሰነገበት ጋር አንድ ስለነበር ልጆቹም ወላጆቹም በፍርሃት ነበር የሚያዩት።

የዚህ ጉዳይ ጥናት መሀል የምለው ግን 2008 ነው። ኅዳር ላይ ከጊንጪ የተነሳው የኦሮሚያ ተቃውሞ ምክንያቱ የአዲስ አበባና ዙሪያዋ ማስተር ፕላን ነበር፣ ከፊት የነበሩት ደግሞ ተማሪዎች ናቸው። ፕላኑ ጥር ላይ ቀረ፣ ተቃውሞው ግን አልቆመም። ብዙ ትምህርት ቤቶች ለወራት ተዘጉ። የ12ኛ ክፍል ፈተና ግንቦት ላይ ሲመጣ ትምህርት ያመለጣቸው ተማሪዎች ጊዜ ይሰጠን፣ ፈተናው ይራዘም የሚል ጥያቄ ነበራቸው። መልስ አላገኙም። ግንቦት 22 ጠዋት ከ250 ሺህ በላይ ተማሪ ለፈተና በተሰናዳበት ሰዓት የእንግሊዝኛው ፈተና በማኅበራዊ ሚዲያ ተለቆ ነበር። የለቀቁት አክቲቪስቶች ምክንያታቸውን በግልጽ ተናገሩ፦ የኦሮሚያ ተማሪዎች ጊዜ እንዲያገኙ። ፈተናው ተሰረዘ። ወደ ሐምሌ መጀመሪያ ተዛወረ። በዚያ ሰሞን ፌስቡክና መሰሎቹ ተዘጉ፣ መንግሥትም «ተማሪዎች እንዳይዘናጉ ነው» አለ።

ፈተና መስረቅን ጥሩ አልለውም። ትግራይ፣ ደቡብ፣ አማራ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ለዚያ ቀን ሲያጠና የከረመ ልጅም ተጎድቷል፤ ያንን ጠዋት ዩኒፎርሙን ለብሶ ከፈተና ጣቢያ በር የተመለሰ ልጅ ተበድሏል። ግን ነገሩን በሲቪክስ ዓይን እዩት። ጥያቄው ተገቢ ነበር። ጥያቄውን የሚያቀርቡበት ወንበር አልነበረም። የተማሪ ፓርላማ የሚባል ነገር በየትምህርት ቤቱ ነበር፣ የሥነ ዜጋ ክበብ ነበር፣ የፀረ ሙስና ክበብ ነበር፣ ሚኒ ሚዲያ ነበር። ከእነዚህ አንዱም የፈተና ቀን ይራዘም የሚል ጥያቄ ወደ ላይ ለመውሰድ አልተፈጠረም። የተፈጠሩት ለኅዳር 29 በዓል መዝሙር ለማዘጋጀትና ለሰንደቅ ዓላማ ቀን ግጥም ለማንበብ ነው። አማራጭ በር ሲጠፋ ሰው መስኮት ይሰብራል፣ ከዚያ ሁሉም ስለ መስኮቱ ያወራል፣ ስለ በሩ ማንም አይጠይቅም። መንግሥት በኋላ ራሱ ቢያንስ አንድ ወር ሰጥቷል እኮ። ያን ወር መጀመሪያውኑ ሰጥቶ ቢሆን ኖሮ ልጆቹ ከሁሉም ምዕራፍ የሚበልጥ ትምህርት ያገኙ ነበር፦ በሥርዓት ጠይቀን ተሰማን የሚል።

መስከረም 2009 ላይ በኢሬቻ በዓል ያ ሁሉ ሰው አለቀ፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፣ በ2010 ሁለተኛው ታወጀ፣ መጋቢት 24 ቀን 2010 አዲስ ጠቅላይ ሚኒስትር መጣ። አዋጅ 621 በ2011 በአዋጅ ቁጥር 1113 ተተካ፣ የገንዘብ ገደቡም ተነሳ። በ2013ቱ ምርጫ ዋዜማ ሲቪል ማኅበራት ከምርጫ ቦርድ ፈቃድ እያገኙ እንደገና የመራጮች ትምህርት መስጠት ቻሉ። ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም። ብዙ ሰው ረስቶታል እንጂ ከአስር ዓመት በላይ የተዘጋ በር ነው የተከፈተው።

የትምህርቱም ተራ ደረሰ። ፍኖተ ካርታ ተዘጋጀ፣ አዲስ ሥርዓተ ትምህርት ወጣ፣ ሲቪክስ ለሁለት ተከፈለ። ታች ያሉት ልጆች ግብረ ገብ ይማራሉ። አዎ፣ የንጉሡ ዘመን ስም ተመልሶ መጣ። ከ7ኛ እስከ 10ኛ ደግሞ «የዜግነት ትምህርት» ሆነ። መጽሐፎቹ ወደ ትምህርት ቤት ሲወርዱ የትምህርት ሚኒስትሩ ብርሃኑ ነጋ ነበሩ። በ1997 ለአዲስ አበባ ከንቲባነት ተመርጠው ከንቲባ ሳይሆኑ እስር ቤት የገቡት ሰው ማለት ነው። ዜግነት በወረቀትና በተግባር ምን ያህል እንደሚራራቅ በራሳቸው ላይ የደረሰባቸው ሰው ሚኒስትር ሲሆኑ እኔ ተስፋ አድርጌ ነበር፤ አሁንም ሙሉ በሙሉ አልቆረጥኩም።

አዲሶቹ መጽሐፎች ከድሮዎቹ ይሻላሉ። ለክርክርና ለቡድን ሥራ ቦታ ይሰጣሉ፣ ያ የአስራ አንድ እሴት ዙረትም የለም። ግን የተወለዱበት ጊዜ ክፉ ነው። ጥቅምት 2013 የጀመረው የትግራይ ጦርነት እስከ ጥቅምት 2015 የፕሪቶሪያ ስምምነት ድረስ ትምህርት ቤት አዘጋ፣ አወደመ። ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ የአማራ ክልል ልጆች ተራ ሆነ፤ ብዙ ሺህ ትምህርት ቤት ተዘግቶ በሚሊዮን የሚቆጠር ልጅ ከትምህርት ውጭ ሆነ። እነዚህ ልጆች ስለ መንግሥትና ስለ ዜጋ የሚማሩት ከመጽሐፍ አይደለም፣ ከሚያዩት ነው።

ስለ ማየት ካነሳን፣ እኛ አገር ሰው መሳተፍን በደንብ የሚማርበት ቦታ አለ። እድር ነው። መተዳደሪያ ደንብ አለው፣ ሊቀመንበር ይመርጣል፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ አለው፣ ሂሳብ በአባላት ፊት ይነበባል፣ የቀረ ይቀጣል፣ ያልተስማማ ይነሳና ይናገራል። ማንበብ የማይችሉ እናት ገንዘብ ያዡን «የድንኳን ኪራዩስ የታለ?» ብለው ሲያፋጥጡት አይቻለሁ። ሰውየው ደብተሩን ገልጦ ከነቀኑ አነበበላቸው፣ እሳቸውም «እንግዲያው ይቀጥል» ብለው ተቀመጡ። ማንም አልተቆጣም፣ ማንም ወይዘሮዋን ነገረኛ አላላቸውም፤ ገንዘቡ የሁሉም ስለሆነ መጠየቁም የሁሉም ነው። እድር ውስጥ ይህን የሚያደርግ ማኅበረሰብ ቀበሌ ስብሰባ ላይ ለምን ዝም ይላል? መልሱ ቀላል ይመስለኛል። እድር ውስጥ ብትናገር የሆነ ነገር ይለወጣል።

ትምህርት ቤትን እንደዚያ ማድረግ ይቻላል፣ አዲስ በጀትም አይጠይቅም። ወላጅ ተማሪ መምህር ኅብረት፣ ወተመህ የምንለው፣ በየትምህርት ቤቱ አለ። መሀል ላይ ያለችው «ተ» ተማሪ ማለት ናት፤ ተማሪው ግን ስብሰባ ላይ ይቀመጣል እንጂ ሲናገር እምብዛም አይሰማም። ትምህርት ቤቶች ድጎማ በጀት ይመጣላቸዋል፣ እቅድ ያወጡበታል፣ ለማኅበረሰቡም ማሳወቅ አለባቸው። ለምን የ9ኛ ክፍል የዜግነት መምህር ያንን እቅድ አስገልብጦ ወደ ክፍል አያመጣውም? ልጆቹ ያንብቡት። ከመጸዳጃ ቤቱ በርና ከላብራቶሪው መስታወት የቱ ይቅደም ብለው ይከራከሩ፣ ድምፅ ይስጡ፣ ሐሳባቸውን ጽፈው ለርእሰ መምህሩ ያስገቡ፣ ርእሰ መምህሩም በጽሑፍ ይመልስላቸው። አይሆንም ቢላቸው እንኳን ምክንያቱን ይጻፍ። የክፍል ሞኒተሩን ሆም ሩም መምህሩ ከሚሾም ልጆቹ ይምረጡ፣ ካልሠራም እነሱ ያውርዱት። አንድ ልጅ በምርጫ ተሸንፎ በማግስቱ ካሸነፈው ልጅ ጋር በአንድ ዴስክ መቀመጥን ከለመደ፣ ይሄን በየትኛውም ምዕራፍ ልታስተምሩት አትችሉም።

መምህሩን የሚያስፈራው ነገር እንዳለ አውቃለሁ። ልጆቹ ዛሬ ስለ መጸዳጃ ቤት ከጠየቁ ነገ ስለ ሌላ ይጠይቃሉ፣ ወረዳው ደግሞ መምህሩን «ማን ነው የሚያነሳሳቸው?» ይለዋል። ይሄ ፍርሃት መሠረት አለው። ስለዚህ መጀመር ያለበት ከታች ሳይሆን ከሚኒስቴሩና ከክልል ትምህርት ቢሮዎች ነው። ተማሪ በትምህርት ቤቱ ጉዳይ መጠየቅ የትምህርቱ አካል ነው፣ መምህሩም በዚህ አይጠየቅም የሚል መመሪያ ይውጣ፣ ወረዳም ይወቀው።

ሌላም አንድ የሚያሳስበኝ አለ። የዜግነት ትምህርት 10ኛ ክፍል ላይ ያልቃል። ልጁ ያኔ አሥራ ስድስት ዓመቱ ገደማ ነው፣ መምረጥ የሚችለው ደግሞ በአሥራ ስምንት ነው። 11ኛና 12ኛ ክፍል ስለ ዜግነት ምንም ሳይሰማ ሁለቱን ዓመት ለመልቀቂያ ፈተና ብቻ ሲያጠና ይከርማል። ዩኒቨርሲቲ ከገባ እዚያ አንድ ኮርስ ያገኛል፤ የመግቢያውን ፈተና የሚያልፈው ግን ከሚፈተነው ጥቂቱ ነው። ብዙኃኑ ወጣት የመጀመሪያውን የምርጫ ካርድ የሚወስደው ስለ ምርጫ ለመጨረሻ ጊዜ ክፍል ውስጥ ከተማረ ቢያንስ ሁለት ዓመት ካለፈው በኋላ ነው። በ11ኛና በ12ኛ ክፍል ያለ ፈተና፣ ያለ ማርክ፣ በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ ለውይይት ብቻ ይሰጥ። ሥራ የጠበበባቸው የሲቪክስ ምሩቃን መምህራን አሉ፣ ክፍሎቹም አሉ።